ያልተጠየቀችው እናት፤ ስለ ቤተ ሰብ የጤና ጥናት የቀረበ ሂስ

በአገራችን ሰውን መቍጠር ደስ የሚያሰኝ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ባላገር ስለ ከብቱ ቢጠየቅ «አለች አንዳንድ» ብሎ ያልፋል እንጂ ቍጥሩን አይናገርም፤ እናትም ስለ ልጆቿ ብትጠየቅ «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ማለት ይቀናታል። ሽማግሌዎች ለዚህ ምክንያት ሲሰጡ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ የመጣውን መቅሠፍት ያነሣሉ፤ ሌሎች ዓይን እንዳይበላ ነው ይላሉ፤ ግብር ፈርቶ የሚደብቅም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ቍጥር ካልታወቀ መድኃኒት አይገዛም፥ ሐኪምም አይመደብም። ስንት ሕፃን እንደሚሞት ያላወቀ አገር የሞቱን ምክንያት ሊያውቅ፥ ምክንያቱንም ሊያስወግድ አይችልም። ስለዚህ በዘመናችን የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለማወቅ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መጠየቅ የተለመደ የጥናት መንገድ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱን፥ ይኸውም የ2016ን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዘገባ መመርመር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሂስ ማለት ማጥላላት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ዘገባውን አንብቦ የጨረሰ ሰው የደከሙበትን ሰዎች ሳያመሰግን አያልፍም፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ተማሪውም፥ ጋዜጠኛውም፥ ባለሥልጣኑም ከዚህ መጽሐፍ ቍጥር መዝዘው ሲናገሩ፥ «ይህንን የነገረን ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ እምብዛም አልሰማሁም። ክርክሬ አጭር ነው። የቤተ ሰብ ጥናት የሚጠይቀው በሕይወት ያለችውን፥ በቤቱ የተገኘችውንና ለመናገር የወደደችውን ሴት ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጐደለባት ሴት በቍጥሩ ውስጥ ድምፅ የላትም። እንግዲህ ከሁሉ የባሰው መከራ የደረሰባት እናት ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀችው እናት ናት ማለት ነው።

አስቀድሜ ጥናቱ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረ የዓለም የወሊድ ጥናት የሚባል ሥራ ነበረ፤ እርሱ ሲያበቃ በ1984 የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ፕሮግራም በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ ተተካ። በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፥ በዩኒሴፍ፥ የሚደገፍ ሌላ ተመሳሳይ ጥናትም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በብዙ አገሮች ተካሂዷል። በኢትዮጵያ በ1990 የቤተ ሰብና የወሊድ ጥናት ከተደረገ በኋላ፥ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በ2000፥ በ2005፥ በ2011 እና በ2016 በሙሉ፥ በ2014 እና በ2019 ደግሞ በአጭሩ ተሠርቷል። የ2016ን ሥራ የመራው በዚያን ጊዜ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፥ ከ2021 ወዲህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በ2007 የሕዝብ ቈጠራ ጊዜ አገሪቱ 84,915 የቈጠራ ቦታዎች ተብላ ተከፋፍላ ነበር፤ አንዱ ቦታ በአማካይ 181 ቤተ ሰቦችን ይይዛል። ለ2016 ጥናት ከነዚህ መካከል 645 ቦታዎች በዕጣ ወጡ፤ 202ቱ በከተማ፥ 443ቱ በገጠር ናቸው። በየቦታው ያሉት ቤቶች እንደገና ከተመዘገቡ በኋላ ከያንዳንዱ 28 ቤት ተመረጠ። ከጥር እስከ ሰኔ በተደረገው ሥራ 16,650 ቤተ ሰቦች፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 15,683 ሴቶች፥ ከዚህም ሌላ 12,688 ወንዶች ተጠየቁ። እንዲጠየቁ ከተፈለጉት ሴቶች ከመቶ 95ቱ መልስ ሰጥተዋል።

«አሥራ አምስት ሺሕ ሴት ስለ ሚሊዮኖች እንዴት ይመሰክራል?» የሚል ሰው አለ። ይህ ተቃውሞ አያስኬድም። ወጡ ጨው እንዳለው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መብላት አያስፈልግም፤ በደንብ አማስሎ በጭልፋ መቅመስ ይበቃል። ዕጣ ማውጣቱ ማማሰሉ ነው። ስለዚህ የኔ ጥያቄ በጭልፋው ማነስ ላይ ሳይሆን፥ ወደ ድስቱ ፈጽሞ ባልገባው ነገር ላይ ነው።

ወደ ጥያቄው ከመግባቴ በፊት የጥናቱን ውለታ መናገር ይገባኛል። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስማር፥ ለሒሳብ ልምምድ ከአጠገባችን ካለው ክሊኒክ መዝገብ ቍጥር እንድንገለብጥ እንታዘዝ ነበር። መዝገቡ በጥንቃቄ የተያዘ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለችው የመጣችው እናት ብቻ ናት። በ2000 ጥናት እንደ ታየው በኢትዮጵያ በጤና ድርጅት የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሐኪም ቤትን መዝገብ ብቻ አምኖ ስለ ወሊድ የሚናገር ሰው፥ ስለ አምስቱ እያወራ ዘጠና አምስቱን አላያቸውም ማለት ነው። ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያቸው የቤተ ሰብ ጥናት ነው።

ያየውም ነገር ከፍተኛ ነው። በ2000 ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ይህ ቍጥር በ2005 ወደ 123፥ በ2011 ወደ 88፥ በ2016 ወደ 67 ወረደ። ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት ያነሱት፥ ማለት የቀነጨሩት፥ በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ግን 38 ሆነዋል። በጤና ድርጅት መውለድም በ2016 ከመቶ ወደ 26፥ በ2019 ወደ 48 ደርሷል። በነዚህ ዓመታት መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደባቸውን፥ ክትባትም መስፋፋቱን ሁላችን እናውቃለን። ጥናቱ ባይኖር ኖሮ ድካማቸው ፍሬ ማፍራቱን በምን እናውቅ ነበር?

ምስጋናው ይህ ነው። አሁን ወደ ሂሱ ልመለስ።

አንደኛ፥ ስለ ሞተው ጨቅላ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንዲት ጠያቂ ወደ ቤታችን መጣች። ለየትኛው ጥናት እንደ መጣች ዛሬም አላውቅም። ትሕትና ያላት ወጣት ነበረች። እናቴ ቡና አፍልታ፥ እኔ ስኒ እያቀረብሁ፥ ጥያቄው ተጀመረ።

«እትዬ፥ ስንት ልጆች ወልደዋል?»

«አምስት፥ እግዜር ይመስገን።»

«በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተብዎ ልጅ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«አልቅሶ ወይም ተንፍሶ ወዲያው ያረፈ ሕፃንም ቢሆን?»

«የለም፥ እኅቴ። ቡናሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

እኔ ግን ከሴት አያቴ እንደ ሰማሁት ከኔ በፊት ሁለት ተወልደው፥ አንዱ በዘጠነኛው ቀን፥ ሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ሞተዋል። ጠያቂዋ ከሄደች በኋላ «እማዬ፥ የሞቱትን ለምን አልነገርሻትም?» አልኋት። «ክርስትና ሳይነሣ የሄደ ምኑ ይቈጠራል? ደግሞስ ቡና የጠጣ እንግዳ በሐዘን ይሸኛል እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ።

እናቴ አልዋሸችም። በሷ አስተሳሰብ ልጅ ማለት ስም የወጣለት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ዘንድ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ሐዘኑ በእናቲቱ ሆድ ይቀራል እንጂ ድንኳን አይተከልለትም። የጥናቱ ቅጽ ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ይጠራል፤ «የመጀመሪያው ልጅ ስሙ ማን ነው? የሚቀጥለውስ?» እያለ ይዘልቃል። ስም የሌለው ከዚህ ዝርዝር በቀላሉ ሊቀር ይችላል። ቅጹን ያዘጋጁት ሊቃውንት ችግሩን ስለሚያውቁ፥ «የለም» የምትለዋን እናት አልቅሶ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ የሞተ እንዳለ ደግመው እንዲጠይቋት አዝዘዋል። የኛ ቤት ጠያቂም ጠይቃለች። የጐደለው ጥያቄው ሳይሆን ጊዜውና ትውውቁ ነው። እናት ለባዕድ ሰው በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ውስጥ የማትነግረው ነገር አለ።

ይህ ነገር ቍጥርን እንዴት እንደሚያናጋ በምሳሌ እንይ። በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላዎች በ2000 ከ1,000 ውስጥ 49፥ በ2005 39፥ በ2011 37፥ በ2016 29 ነበሩ። በ2019 አጭር ጥናት ሙሉ ዘገባ ግን 33 ሆነ። ጋዜጣ አንባቢ ይህን ሲያይ «የጨቅላ ሞት ጨመረ» ብሎ ይደነግጣል። ምናልባት ጨምሮ ይሆናል። ወይም ደግሞ እናቶች ከበፊቱ ይልቅ ደፍረው ተናግረው ይሆናል፤ ወይም የናሙና ልዩነት ብቻ ይሆናል። ቍጥሩ ብቻውን ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ አይነግረንም። በደንብ የሚጠይቅ ጥናት ብዙ ሞት፥ በችኰላ የሚጠይቅ ጥናት ጥቂት ሞት ሊያሳይ እንደሚችል ካላወቅን፥ መልካሙን ጥናት ልንወቅስ፥ ደካማውንም ልናመሰግን እንችላለን።

ሁለተኛ፥ ስለ ሞተችው እናት። የወሊድ ታሪክ የምትናገረው እናት በሕይወት ያለችው ናት። በወሊድ የሞተች ሴት ስለ ወለደቻቸው ልጆች አትጠየቅም፤ ከሷ ጋር ወይም ከሷ በኋላ የሞተ ሕፃን በማንኛውም ቤት፥ በማንም አፍ፥ በልጆች ዝርዝር ውስጥ አይጠራም። እናቱ የሞተችበት ሕፃን የመሞት ዕድሉ ከሌላው የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ማንም ያውቃል። እንግዲህ ከ1,000 ውስጥ 67 የተባለው ሞት በተፈጥሮው የነዚህን ሕፃናት ሞት ሳይጨምር የተቈጠረ ነው።

የሞተችዋን እናት ራሷን ለመቍጠር ጥናቱ የዘየደው ዘዴ ብልህነት ያለበት ነው። እያንዳንዷ ተጠያቂ ከአንድ እናት የተወለዱትን ወንድሞቿንና እኅቶቿን በሙሉ ትዘረዝራለች፤ የሞተች እኅት ካለች፥ በእርግዝና፥ በምጥ ወይም ከወለደች እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ መሞቷ ትጠየቃለች። በዚህ ዘዴ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ልክ የሞቱ እናቶች በ2000 871፥ በ2005 673፥ በ2011 676፥ በ2016 412 ሆነው ተገኝተዋል። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው፥ 412 የተባለው ስለ 2016 ብቻ የሚናገር ሳይሆን ከጥናቱ በፊት ስለ ነበሩት ሰባት ዓመታት የሚናገር ነው። ሁለተኛው፥ ዘገባው ራሱ እንደሚለው እውነተኛው ቍጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። በ273 እና በ551 መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ይህ ሁሉ በዘገባው ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ በአዳራሽ ሲነገር ግን 412 ብቻ ይቀራል።

ከዚህም በላይ የእኅት ምስክርነት የራሱ ወሰን አለው። ያለ ጋብቻ አርግዛ፥ ነውሩን ፈርታ፥ በስውር ፅንስ ለማስወረድ ስትሞክር የሞተችውን ልጅ ቤተ ሰቧ «በድንገተኛ ሕመም ሞተች» ይላል። እኅቷ እውነቱን ላታውቅ ትችላለች፤ ብታውቅም የሞተችውን ስም ማጉደፍ ይሆንባታል። ስለዚህ በጣም ልናውቀው የሚገባን ሞት በጣም የተሰወረው ሞት ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ፥ ስለ ዕድሜ። አንድ ልጅ ቀንጭሯል የሚባለው ቁመቱ ከእኩዮቹ መካከለኛ ቁመት ከሁለት መደበኛ ልይይት በላይ ሲያንስ ነው። «እኩዮቹ» የተባሉት የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በዖማንና በአሜሪካ ያጠናቸውና በ2006 መለኪያ ያደረጋቸው ልጆች ናቸው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተጋድሞ፥ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ በሰሌዳ ይለካል። ቁመት መለካት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዕድሜ ነው። የሁለት ወር ስሕተት ጤነኛውን የቀነጨረ፥ የቀነጨረውንም ጤነኛ ሊያደርገው ይችላል። የልደት ወረቀት እንዳይታይ ደግሞ በዚያው በ2016 ጥናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበላቸው ሕፃናት ከመቶ 3 ብቻ ናቸው።

በቅጹ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መመዝገቡ ትክክል ነው። «ፍልሰታ ሲገባ ተወለደ»፥ «ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው» የምትለውን እናት ጠያቂዋ ወዲያው ልትረዳት ትችላለች። ነገር ግን በአፋርና በሶማሌ «ከረመዳን በኋላ» የምትል እናት ብትገኝ፥ ረመዳን ከዓመት ዓመት እየተዘዋወረ ስለሚመጣ፥ ወሩን ለማወቅ ተጨማሪ ሒሳብ ያስፈልጋል። ዘገባው እንደሚገልጸው መጠይቁ የታተመው በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ አፍዋን የፈታች እናት የልጇን የልደት ወር የምታስረዳው በተውሶ ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ አፍ ነው።

ሌላም አለ። ስለ ክትባት፥ ስለ ተቅማጥ፥ ስለ ጡት ማጥባት የሚቀርቡት ረጃጅም ጥያቄዎች ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ስለ ተወለዱት ልጆች ብቻ ናቸው። የደከመው ጠያቂ የልጁን ልደት ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ቢገፋው ብዙ ገጽ ይድናል። ይህ ዓይነት ጥፋት በብዙ አገር የታወቀ ነው። «ዓመት ሆኖት ሞተ» የሚለውም አነጋገር በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሦስተኛው ወር የሞቱትን ሁሉ በአሥራ ሁለተኛው ወር ላይ ይከምራቸዋል። በዘገባው መጨረሻ የልደት ዓመታትንና የሞት ዕድሜን እየዘረዘሩ የመረጃውን ጥራት የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ተያይዘዋል። ይህን ማውጣታቸው የሐቀኛነት ምልክት ነው፤ አንባቢው ግን እዚያ ገጽ ሳይደርስ መጽሐፉን ይከድናል።

አራተኛ፥ በቤት ስላልተገኘችው። ጥናቱ የቤተ ሰብ ጥናት ስለ ሆነ ቤት የሌላትን አያገኛትም። በመንገድ ዳር የምታድረው፥ በእስር ቤት ያለችው፥ በገዳም የመነነችው በዕጣው ውስጥ የሉም። ወደ ሪያድ፥ ወደ ቤይሩት፥ ወደ ኵዌት ለቤት ሠራተኛነት የሄደችዋ ወጣትም የለችም። የላከችው ገንዘብ ግን በዚያ ቤት አለ፤ የቆርቆሮ ጣራ፥ ቴሌቪዥን፥ የሲሚንቶ ወለል ሆኗል። ጥናቱ የቤቱን ሀብት የሚመዝነው በነዚህ ነገሮች ነው። ስለዚህ የጉልበቷ ፍሬ ተቈጥሮ ጤናዋ ሳይቈጠር ይቀራል።

በሀብት ሚዛኑ ላይ ሌላ ነገር ልጨምር። ቤተ ሰቦች ባላቸው ዕቃና በቤታቸው ዓይነት በአምስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ የቤቱን ደረጃ ይይዛል። በዚህ አሠራር በአዲስ አበባ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት በማድ ቤት ወለል ላይ የምትተኛው የአሥራ ስድስት ዓመት ሠራተኛ ከእመቤቷ ጋር እኩል «እጅግ ሀብታም» ተብላ ትጻፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ከሆነማ ከነጭራሹ አትጠየቅም፤ ከአምስት ዓመት በላይ ስለ ሆነች ቁመቷ አይለካም፥ ከአሥራ አምስት በታች ስለ ሆነች የሴቶች መጠይቅ አይደርሳትም። ትምህርት ቤት መሄዷን እንኳ የሚናገርላት የቤቱ ሰው ነው። ከገጠር ለሥራ የመጡት ትናንሽ ልጃገረዶች ብዛት ለሚታወቀው ለከተማችን ይህ ትንሽ ጕድለት አይደለም።

አምስተኛ፥ ስለ አስተያየት ጥያቄ። በ2016 ስለ ባልና ሚስት ጠብ የሚጠይቅ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨመረ። በዚህ ክፍል ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ብቻዋን እንድትጠየቅ መደረጉ የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው። አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚህ ይልቅ በየመድረኩ የሚጠቀሰው ግን ሌላ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ምግብ ብታሳርር፥ ብትከራከረው፥ ሳትነግረው ብትወጣ፥ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም መኝታ ብትከለክለው ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ፥ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎን» ያሉት ሴቶች ከመቶ 63፥ ወንዶች ግን 28 መሆናቸው ነው። ብዙ ተናጋሪዎች ከዚህ ተነሥተው «ሴቶቻችን ራሳቸው ዱላን ይወድዳሉ» ይላሉ።

እኔ ይህን ትርጕም አልቀበልም። የተማረ ወንድ ከመሥሪያ ቤት ለመጣ ጠያቂ ምን መመለስ እንደሚገባው ያውቃል፤ በስብሰባ ሰምቷል። ሴቲቱ ግን በአካባቢዋ የሚደረገውን ትመልሳለች። «ቢመታት ተገቢ ነው ወይ?» ሲሏት፥ «በኛ አገር እንዲህ ያደረገች ትመታለች» ማለቷ ሊሆን ይችላል። የኑሮ ሕግን ማወቅ ሕጉን መውደድ አይደለም። ጥናቱ «አዎን» እና «አይደለም» የሚል ሣጥን ስላለው፥ ከመልሱ በፊት የነበረውን ዝምታ ሊጽፍ አይችልም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ነገር ስለ አማካይ ነው። በ2016 በጤና ድርጅት የወለዱት ከመቶ 26 ናቸው ሲባል፥ በአዲስ አበባ 97፥ በአፋር 15 መሆኑ ይሸፈናል። መቀንጨር ከመቶ 38 ሲባል፥ በአዲስ አበባ 15፥ በአማራ ክልል 46 መሆኑ ይሸፈናል። ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል አገር ሕፃናቱን በቁመት ማስቀረቱ ምንኛ የሚያሳስብ ነው! ለዚህ መልስ ለማግኘት ግን የቤተ ሰብ ጥናት ብቻውን አይበቃም፤ ሕፃኑ ምን እንደሚበላ፥ እናቱ በእርሻ ቀን ለማን ትታው እንደምትወጣ፥ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመንደሩ ጋር ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በኮሌጅ ላለን ተማሪዎች የተተወ ሥራ ይመስለኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጥናቱ ይቅር የሚል ሰው ካለ ከኔ ጋር አይደለም። እንዲያውም ዛሬ የሚያስፈራው የጥናቱ መቋረጥ ነው። ከ2019 አጭር ጥናት በኋላ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ እናቶችና ሕፃናት እጅግ በተጐዱበት ሰዓት ከቤት ወደ ቤት መዞር የማይቻል ሆነ። በየካቲት 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ፕሮግራም በዓለም ሁሉ ሲሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቆመ። ከዚህ የምንማረው፥ ልጆቻችን ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ የሌላን አገር ካዝና መጠበቅ ትልቅ አደጋ እንዳለው ነው። ቈጠራው የኛ ከሆነ ወጪውም ቢያንስ በከፊል የኛ መሆን ይገባዋል።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፥ ዘገባ አዘጋጆች በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ማን እንደ ተጠየቀ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተጠየቀ በአንድ ገጽ ቢገልጹ። ሁለተኛው፥ በነሐሴ 2016 በመላው አገሪቱ የተጀመረው የልደትና የሞት ምዝገባ ሥር እንዲሰድድ ቢደረግ፤ ሞት በደረሰበት ቀን በቀበሌው ከተመዘገበ፥ ከዓመታት በኋላ የእኅትን ትዝታ መማጠን አያስፈልግም። ሦስተኛው፥ ጠያቂዎች ለያንዳንዱ ቤት የሚበቃ ጊዜ ቢሰጣቸው፤ በቀን የተሞላው ቅጽ ብዛት የትጋታቸው መለኪያ ባይሆን።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ጓደኞቼ ክረምት ሲገባ ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ። እናታችሁን፥ አክስታችሁን፥ የጎረቤታችሁን እትዬ በጸጥታ ጊዜ ጠይቋቸው፤ መጀመሪያ ስንት እንደ ወለዱ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ያልተነገረ እንዳለ። ስም አትጻፉ፤ ሁለቱን መልሶች ብቻ መዝግባችሁ አምጡ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብናውቅ የትልልቆቹን ዘገባዎች ቍጥር እንዴት ማንበብ እንዳለብን እንማራለን። እኔ ከቤቴ ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው መልስ አምስት፥ ሁለተኛው ሰባት ነው።